የሊቀመንበሩ ግዝት

ደርቤ የዱቄት ፋብሪካው ሠራተኞች ማኅበር ሊቀመንበር ሆኖ በሠራባቸው አሥራ አንድ ዓመታት ለራሱ ጉዳይ ፈቃድ ጠይቆ አያውቅም። በዚያ ዓርብ ግን ጠየቀ። ነጠላውን አጣፍቶ፣ አንድ ኪሎ ስኳር ገዝቶ፣ ከደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ወደ አምበር በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈረ። የሚሄደው ለለቅሶም ለሠርግም አልነበረም። የንስሐ አባቱን ቄስ ገዳሙን ካሰሩት ግዝት እንዲፈቱት ሊለምን ነበር።

ሰኞ ጧት ሠራተኛው ሥራ ያቆማል፤ ተወስኗል። ሊቀመንበሩ ደግሞ ሥራ እንዳያቆም በመስቀል ታስሯል። ይህን ጉድ ከእሱና ከሦስት ሽማግሌዎች በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ለሚስቱ እንኳ አልተናገረም።

ነገሩ የተጀመረው በአንተነህ እጅ ነው። አንተነህ ከጉንደ ወይን የመጣ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ በወፍጮው ጩኸት መሐል እንኳ ቀልዱ የሚሰማ ጎልማሳ ነበር። ፋብሪካው ውስጥ ስንዴውን ወደ ወፍጮው የሚገፋ ጠመዝማዛ ብረት አለ። ድሮ ክዳን ነበረው። ክዳኑ ከተሰበረ ሁለት ክረምት አለፈ፤ ማኅበሩ በደብዳቤም በቃልም ቢጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ «ይታያል» ነበር። ሲታይ ሲታይ፣ በኅዳር አንድ ማክሰኞ ብረቱ የአንተነህን ቀኝ እጅ ይዞ አራት ጣቶቹን ወሰደ። ድኖ ሲመለስ የጠበቀው የስንብት ደብዳቤ ነው። ባለቤቱ አቶ አበረ፣ በአንድ አውራ ጣት ጆንያ የሚያነሳ ሰው አይቼ አላውቅም አሉ አሉ። ልጁ የለመነው ጆንያ ማንሳት አልነበረም። በሩ ላይ ቆሞ የሚገባና የሚወጣውን መኪና ለመመዝገብ ነበር፤ በግራ እጁ መጻፍ እየተለማመደ ነበር።

ማኅበሩ የትናንት ማኅበር አይደለም። በስልሳ ስድስት፣ ፋብሪካው ገና አንድ ወፍጮና አንድ መጋዘን ሳለ፣ የደርቤ አባት ጆንያ ተሸካሚ ነበሩ፤ ያኔ ሠራተኛው አራት ቀን ሥራ አቁሞ በሩ ላይ ተቀምጧል። ኋላ ፋብሪካው የመንግሥት ሆነ፣ ማኅበሩም መፈክር የሚጮህበት ቦታ ሆነ፤ ከዚያ ደግሞ ለግል ተሸጠና ማኅበሩ ስሙና ማኅተሙ ብቻ ቀረ። ደርቤ ነው እንደገና ነፍስ የዘራበት። ማኅተሙን በጨርቅ ጠቅልሎ የሚስቱ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል። አባቱ ስለዚያ አራት ቀን ሲያወሩ የተጨመረውን ደመወዝ ብዙም አያነሱም ነበር። የሚያነሱት አንድ ነገር ነው፤ «ማንም ቀድሞ አልገባም» ይላሉ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር፤ ደርቤ ልጅ ሆኖ እንኳ ይገባው ነበር።

ለአንተነህ ሲባል መጀመሪያ ሥራ የቆመው በዐቢይ ጾም ነው። ጥያቄው ሁለት ነበር፤ አንተነህ ይመለስ፣ ብረቱም ይከደን። ስልሳ ሰባት ሠራተኞች ሦስት ቀን በሩ ላይ ተቀመጡ፤ ወፍጮው ዝም አለ፣ ዳቦ ቤቶቹ መጮህ ጀመሩ። በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ፣ ደርቤ ልብሱን ሊለውጥ ቤቱ ብቅ ባለበት፣ አቶ አበረ የላኳቸው ሽማግሌዎች ደረሱበት። ሦስት ናቸው፤ ከፊት የቆሙት ደግሞ ቄስ ገዳሙ። የደርቤን አባት የቀበሩ፣ እሱን ያጋቡ፣ ልጆቹን ያጠመቁ ቄስ ገዳሙ።

ደርቤ ግቡ አለ። አልገቡም። ተቀመጡ ብሎ ወንበር አወጣ። እሺ ካላልከን አንቀመጥም አሉ፤ ወጉ ነው። ሽማግሌ እንዲህ ብሎ ደጅህ ከቆመ የሚያደርጉት ይጠፋል። ቄስ ገዳሙ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ከአምበር ድረስ መጥተዋል፤ ጾም ላይ ናቸው፣ ውሃ እንኳ አልቀመሱም። መቋሚያቸውን ተደግፈው ፀሐይ ላይ ቆሙ። ደርቤ ስለ አንተነህ እጅ ተናገረ፣ ስለ ክዳኑ ተናገረ፣ በዚህ መሐል የሽማግሌው ጉልበት ሲንቀጠቀጥ አየ። ሦስት ቀን የአቶ አበረን ዛቻ የቻለ ሰው ያን ጉልበት አልቻለውም።

«ከፋሲካ በኋላ ልጁ ይመለሳል፤ ብረቱም ይከደናል» አሉ ቄስ ገዳሙ። «አበረ ቃሉን ለእኔ ሰጥቶኛል። አንተ ደግሞ ለእኔ ስጠኝ።»

ደርቤ እሺ አለ። እሳቸውም መስቀላቸውን አውጥተው፣ በዚህ ጉዳይ ዳግመኛ ሥራ እንዳያቆም በጴጥሮስ በጳውሎስ ገዘቱት። አቶ አበረንስ ብሎ ሲጠይቅ፣ እሱን ደግሞ ኋላ እንገዝተዋለን አሉት። መስቀሉን ተሳለመ። ያን ጊዜ ነው ሽማግሌው የተቀመጡት፤ ደርቤም እፎይ አለ። ይህ እፎይታ ነው ኋላ ዕድሜ ልኩን ያንገበገበው።

በማግስቱ ሠራተኛው ወደ ሥራ ሲመለስ የማኅበሩ ምክትል የኔአለም አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። ዱቄት እያሸገች ሃያ ዓመት ያሳለፈች፣ ነገር የማትደጋግም ሴት ናት። የተፈረመው ወረቀት የታለ አለችው። ቃሉን የሰጡት ቄስ ገዳሙ ናቸው አላት። እሷም እሺ ብላ ወደ ሚዛኗ ሄደች። ስለ ግዝቱ ግን አልነገራትም። የስልሳ ሰባት ሰው ነገር የሽማግሌ ጉልበት ሲንቀጠቀጥ አይቼ ለቀቅሁት ብሎ መናገር እንዴት ይቻላል?

ፋሲካ አለፈ፤ ዳግም ትንሣኤም አለፈ። አቶ አበረ ሽማግሌ የላክሁት ሥራ እንዲጀመር ነው፣ ስለ ልጁ ያልሁት ነገር የለም አሉ። ዓይናቸውን በጨው አጥበው ነው የተናገሩት። ከሽማግሌዎቹ አንደኛው ብለዋል አለ፤ ሌላው ይህን ይህን አላስታውስም አለ። ቄስ ገዳሙ በዚያ ጉልበታቸው ሁለት ጊዜ አቶ አበረ በር ድረስ ሄደው፣ ሁለት ጊዜም የሉም ተብለው ተመልሰዋል። ይህን ደርቤ የሰማው ከሰው ነው። ሲሰማ አዘነላቸው፤ ተናደደም፤ በማን እንደተናደደ ግን ለራሱም አልገለጸም።

ስብሰባ ተጠራ። ሠራተኛው በአንድ ድምፅ እንደገና ሥራ ይቁም አለ። የኔአለም ሕጉ የሚያዝዘውን የአሥር ቀን ማስጠንቀቂያ ጻፈች፤ ደርቤ ፈረመበት፣ ማኅተሙንም አሳረፈበት። ነገ አምበር ሄጄ እፈታለሁ እያለ ነው የፈረመ። ነገ ሲመጣ ይሉኝታ ያዘው። የንስሐ አባት ፊት ቆሞ፣ አባቴ ተታለው አሰሩኝ ይባላል? እንዲህ እያለ ሰባት ቀን አለፈ። እኔን ብትጠይቁኝ ከአቶ አበረ ውሸት ይልቅ ይህቺ ሰባት ቀን ናት ነገሩን የገደለችው።

ያን ዓርብ አምበር ወርዶ የቀረውን መንገድ በእግሩ ሄደ። ቄስ ገዳሙ ቤት ሲደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል።  የቄሱ ልጅ ዓይናዲስ በሩ ላይ ተቀበለችው፤ ረቡዕ ከሰዓት ጀምሮ አንደበታቸው ተይዟል፣ ግማሽ አካላቸውም አይታዘዝም አለችው። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና አየችው።

«ምነው ቀረህ?» አለችው። «ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ‹ደርቤን ጥሩልኝ› ሲሉ ዋሉ። ብንደውል አታነሳም። ረቡዕ ጧት ወንድሜን ፋብሪካው ድረስ ላክነው፤ ዘበኛው ከሥራ ላይ ሰው አይጠራም ብሎ መለሰው።»

ፋብሪካው ውስጥ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ሠራተኛው ሲገባ በሩ ላይ ካለው ሣጥን ያስቀምጣል። ደርቤ ማክሰኞ ማታ የማያውቀውን ቁጥር ስልኩ ላይ አይቶ መልሶ ደውሎ ነበር። አልሠራ አለው፣ ተወው። ዘበኛውም ሰው መጥቶብህ ነበር አላለውም፤ ረስቶታል።

ሽማግሌው መደቡ ላይ ተኝተዋል። ዓይናቸው ክፍት ነው። ደርቤ ስኳሩን የት እንዳስቀመጠ ሳያውቅ ተንበረከከ።

«አባቴ፣ ይፍቱኝ» አለ።

በሕይወቱ ሺህ ጊዜ ብሎታል፤ ቄስ ሲያገኝ፣ መስቀል ሲሳለም። እንዲህ ተርቦ ግን ብሎት አያውቅም። ቄስ ገዳሙ አወቁት። ዓይናቸው ፊቱ ላይ ቆመ፣ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ግራ እጃቸው ከብርድ ልብሱ ላይ ትንሽ ተነሣ። ዓይናዲስ መስቀሉን ከራስጌያቸው አንሥታ መዳፋቸው ላይ አኖረችው፤ ጣቶቻቸው አልጨበጡትም፣ ተንሸራቶ ብርድ ልብሱ ላይ ወደቀ። እንደገና አኖረችው። እንደገና ወደቀ። ከዓይናቸው ጫፍ እንባ ወርዶ ጆሯቸው ውስጥ ገባ። ደርቤ እጃቸውን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ለምን ይሆን የጠሩት? ሊፈቱት ነበር? ወይስ ሥራ ሊያቆም መሆኑን ሰምተው ቃልህን ጠብቅ ሊሉት? ዓይናዲስን ለብቻዋ ወስዶ ሌላ ምን አሉ ብሎ ጠየቃት። ከ«ደርቤን ጥሩልኝ» በቀር ያሉት ነገር የለም አለችው። መዝሙረ ዳዊት ሊደግሙ የመጡ አንድ ወጣት ቄስ ነበሩና ለእሳቸውም ነገሩን ሸፈን አድርጎ አማከራቸው። የገዘተው ይፈታል፣ ካልሆነ ለጳጳሱ ማመልከት ነው፣ ሳምንትም ሁለት ሳምንትም ይፈጃል አሉት። እስከዚያ ግን ግዝት ግዝት ነው፤ ያፈረሰ ሰው ቅዳሴ አይገባም፣ ሲሞትም ፍትሐት የለውም አሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የተማሩትን ነው የተናገሩ።

ቄስ ገዳሙ ቅዳሜ ጧት ዐረፉ። እሑድ ተቀበሩ። ደርቤ ቃሬዛውን ተሸክሞ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ትከሻውን አላስቀየረም። ሰው አይቶ እንዴት ያለ የንስሐ ልጅ ነው አለ።

ሰኞ ጧት አንድ ሰዓት ላይ ከደርቤ በቀር ስልሳ ስድስቱም ሠራተኞች በሩ ላይ ተቀምጠዋል። አንተነህ የሠርጉን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ አድርጎ፣ እንደ ድሮው ሰዉን ያስቃል። ደርቤን ሲያዩ ቦታ ለቀቁለት። እሱ ግን አልተቀመጠም። አንተነህን በዓይኑ ጠቅሶ ከመኪና ሚዛኑ ጀርባ ወሰደው፤ ከሽማግሌዎቹ ጀምሮ እስከ ቀብሩ ድረስ ሁሉንም ነገረው። ሲጨርስ ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም።

 አንተነህ የተቆረጠውን እጁን ከኪሱ አወጣና የደርቤን ነጠላ ትከሻው ላይ አስተካከለለት።

«ይግቡ፣ አያ ደርቤ» አለው። «እኔ ያጣሁት ጣት ነው። እርስዎ ለእኔ ሲሉ ነፍስዎን አይጡ።»

«ለየኔአለምና ለሰዉ ምን ልበል?»

«የፈለጉትን ይበሉ።»

«አልችልም» አለ ደርቤ። «አንተም አትንገርብኝ።»

አንተነህ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ደርቤ ያን ማለት አልነበረበትም። ለሰዉ ሁሉ ቆሞ፣ እኔ ታስሬአለሁ፣ እናንተ ግን አልታሰራችሁምና ቁጭ በሉ ቢላቸው ኖሮ ማን ይቀየመዋል? ምናልባት ሁለት ሰው። አፈረ። የሚያሳፍረው ነገር፣ መግባቱ፣ ፊት ለፊቱ ቆሞ ሳለ እሱ ከኋላው ባለው እሺታ አፈረ።

በተቀመጡት መሐል አልፎ ወደ በሩ ሄደ። የኔአለም ተነሣች።

«ደርቤ፣ ወዴት ነው?» አለችው።

እሱ ስልኩን ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጦ ገባ።

ወፍጮው ቆሟል። ብረቱ ክዳን እንደሌለው አፉን ከፍቶ ተጋድሟል። ደርቤ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀመጠና እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቀ፤ ምን እንደሚጠብቅ አያውቅም። ግዝቱን ጠብቄአለሁ፣ እነሱ ውጭ ይቆያሉ፣ እኔ አንድ ሰው ነኝ፣ በአንድ ሰው ወፍጮ አይዞርም ብሎ ራሱን ሊያጽናና ሞከረ። ሰዓት ያህል ሳይቆይ የእግር ኮቴ ሰማ። ሁለት ጆንያ ተሸካሚዎች ፈገግ እያሉ ገቡ።

«ተስማማችሁ ማለት ነው፣ አያ ደርቤ?» አለ አንደኛው። «እርስዎ ከገቡ ነገሩ አልቋል ብለን ነው።»

«አልተስማማንም» አለ ደርቤ።

ሁለቱ ተያዩ።

«ታዲያ ለምን ገቡ?»

 እነዚያ ሁለቱ ቆመው ሲጠብቁት ከኋላ አራት ሰዎች ገቡ፣ ከአራቱ ኋላ ደግሞ ሌሎች። ማንም ማንንም አልከዳም፤ ይህ ነው የሚያሳዝነው። ሁሉም ያመኑት ሰው ሲገባ አይተው ነው የገቡ። ከመካከላቸው ሥራ ማቆም የፈራ ቢኖር እንኳ ጥቂት ነበር። አራት ሰዓት ላይ ወፍጮው ተነሣ፤ ከዚያ በኋላ ደርቤ ቢናገርም የሚሰማው አልነበረም። አቶ አበረ ወደ ቀትር መጥተው በመካከላቸው አለፉ፣ ደርቤ ዘንድ ሲደርሱ ቆመው ጨበጡት፣ ተባረክ አሉት። እጁን ወደ ኋላ ሊመልስ ፈለገ፤ ግን አልመለሰም።

ውጭ የቀሩት የኔአለምና አንተነህ ብቻ ነበሩ። እስከ ስምንት ሰዓት ተቀመጡ አሉ። የኔአለም አንተነህን ደጋግማ ጠይቃዋለች፤ ምን አለህ፣ ምን ተባባላችሁ። አልነገራትም። ቃሉን የሰጠው ራሱን በመነቅነቅ ብቻ ነው፤ ቄስም መስቀልም አልነበረበትም፣ ጠበቀው። ሐሙስ ዕለት ከሚስቱ ጋር ዕቃውን ጭኖ ወደ ጉንደ ወይን ተመለሰ። በግራ እጅ መጻፍ ለምዶ ነበር፤ ለደርቤ ደኅና ይሁኑ የምትል አንዲት መስመር ጽፎ ከዘበኛው ዘንድ ትቶለታል። ፊደሎቹ እንደ ጀማሪ ተማሪ ፊደል ዘመው ነበር።

ደርቤ ማኅተሙን ከሣጥኑ አውጥቶ ከነጨርቁ ለየኔአለም ወሰደላት። ተቀበለችው። ወደ ሚዛኗም ተመለሰች፤ ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ብረቱ እስካሁን አልተከደነም። ሠራተኛው ግን በዚያ በኩል ሲያልፍ ፈንጠር ብሎ ማለፍ ለምዷል።

እሑድ እሑድ ደርቤ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ግዝቱን አላፈረሰምና የሚከለክለው የለም፤ አዲሱ የንስሐ አባቱም ቃልህን ጠብቀሃል፣ ደስ ይበልህ ብለውታል። እሱ ግን ከቅጥሩ በር አጠገብ፣ ከግንቡ ውጭ ይቆማል። ሚስቱ መጀመሪያ ሰሞን ምን ሆነህ ነው ብላ ነዘነዘችው። ሆዱ ባሰውና፣ አባቴ በስልሳ ስድስት ማንም ቀድሞ አልገባም ይሉ ነበር አላት። ለምን እንዲህ እንዳለ ስላልገባት ትታው ገባች። አሁን ለምዳዋለች። ሰው እየተሳለመ፣ እየሰገደ፣ በአጠገቡ ያልፋል፤ ደርቤ ሁሉም እስኪገባ ነጠላውን አጣፍቶ ይጠብቃል። ሁሉም ከገባ በኋላም አይገባም።